የፈረሰው የመንገደኞች ማረፊያና የቀሩት ፎቶግራፎች

አንባቢያችን ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚመለከት ይምሰለው። በአንደኛው ላይ ማር የመሰለ ቀለም ያላቸው፣ ማዕዘናቸው እንደ ገንቦ ሆድ የተጠጋጋ ትንንሽ ቤቶች በዛፍ ጥላ ሥር ይታያሉ። መስኮቶቻቸው ከወፍራም የመስተዋት ጡብ የተሠሩ ናቸው። በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ በመካከላቸው በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ ሰውም መኪናም የለም። በሁለተኛው ላይ በዚያው ስፍራ ሌሎች ቤቶች ቆመዋል፤ የፊተኞቹ ግን እንዳልነበሩ ሆነዋል።

ይህ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ብቻውን ቢታይ ምንም አይናገርም። በአሜሪካ አገር በየትኛውም ከተማ ዳር የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነውና የሚያቆም ዐይን አያገኝም። የሚናገረው የመጀመሪያው ከጎኑ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አስቸጋሪው የፊተኛው ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ምክንያቱም እሱን ለማንሣት የሚቻለው ቤቱ ገና ቆሞ ሳለ፣ ብዙው ሰው «ይህ ደግሞ ምኑ ይነሣል?» በሚልበት ጊዜ ብቻ ነው።

ስፍራው በሚዙሪ ግዛት ከታላቁ ከሴይንት ሉዊስ ከተማ ጥግ ያለችው ማርልቦሮ የተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ነዋሪዎቿ ወደ ሁለት ሺህ ያህል ናቸው። ቤቶቹም ኮራል ኮርት የሚባል ሞቴል ነበሩ። ሞቴሉ በ1941 ተሠራ፤ በ1993 ተዘጋ፤ በ1995 ፈረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞቴል የሚለው ቃል «ሞተር» እና «ሆቴል» ከተባሉት ሁለት ቃላት ተቆራርጦ የተገጣጠመ ነው። ቃሉን በቤታቸው ላይ መጀመሪያ የጻፉት አርተር ሄይንማን የተባሉ የካሊፎርኒያ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ መሆናቸው ይነገራል። በዚያን ዘመን አንድ መኪና ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ቀን በምቾት አይደርስም ነበርና፣ ሄይንማን በመንገዱ አጋማሽ በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ከተማ በዲሴምበር ወር 1925 ማረፊያ ከፈቱ። የአንድ ሌሊት ኪራይ አንድ ዶላር ከ25 ሣንቲም ነበር።

ሆቴልና ሞቴል በስም ቢቀራረቡም በአሠራር ይለያያሉ። የቀድሞው ሆቴል በከተማው መካከል፣ አብዛኛውን ጊዜም በባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ለባቡር መንገደኛ የተሠራ ነው። ሞቴል ግን ከከተማ ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር የሚሠራ ሲሆን መንገደኛው መኪናውን ከመኝታ ክፍሉ ደጃፍ ያቆማል። የሲራራ ነጋዴ ሲያድር አጋሰሱን ከዐይኑ እንዳይርቅ ከማደሪያው አጠገብ ያስር እንደ ነበረ ያስታወሰ ሰው የሞቴልን አሳብ ለመረዳት አይቸገርም።

በኮራል ኮርት ደጃፍ የሚያልፈው ዋትሰን ሮድ የተባለው ጎዳና በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነው የመንገድ ቁጥር 66 ክፍል ነበር። ይህ መንገድ በ1926 የተቋቋመ ሲሆን ከቺካጎ ተነሥቶ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር እስካለችው እስከ ሳንታ ሞኒካ ድረስ 2448 ማይል፣ ይኸውም 3900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። በመንገዱ ዳርና ዳር ቤንዚን ሻጮች፣ ምግብ ቤቶችና ሞቴሎች ተሰልፈው ነበር፤ እያንዳንዱም በፍጥነት የሚያልፈውን ነጂ ዐይን ለመያዝ በቀለምና በመብራት ይሽቀዳደም ነበር።

ጆን ካር የተባሉት የኮራል ኮርት ባለቤት ከብዙዎቹ ባለ ሞቴሎች የሚለዩት ንድፉን ለሕንፃ ዐዋቂ በመስጠታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹን ቤቶች የነደፉት አዶልፍ ስትሩቢግ ነበሩ። የአሠራሩ ዐይነት በዚያን ጊዜ በባቡርና በመርከብ ላይ ይታይ ከነበረው፣ ነፋስ እንዲያንሸራትተው ተብሎ ከተለሰለሰው ቅርጽ የተቀዳ ነው። ግድግዳው በእሳት ተተኩሶ እንደ ሸክላ ሣህን የሚያብረቀርቅ የማር ቀለም ያለው ጡብ ሲሆን፣ በዙሪያው ቡናማ መቀነት ተደርጎለታል። በ1946 ከሃያ የሚበልጡ ሌሎች ቤቶች በዚያው አምሳል ተጨመሩ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የመኪናው ማቆሚያ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጋራዥ ነበረው። እንግዳው መኪናውን ወደ ጋራዡ ያስገባና መዝጊያውን ዘግቶ፣ ከዚያው ከውስጥ በሚከፈት በር ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። በውጭ የሚያልፍ ሰው ማን እንደ መጣ፣ በየትኛው መኪና እንደ መጣ አያውቅም። ይህ አሠራር ሻንጣ ለሚያወርድ መንገደኛ ምቹ ነው፤ መታየት ለማይፈልግ ሰው ደግሞ የበለጠ ምቹ ነው። ሞቴሉ ክፍል ለጥቂት ሰዓት ብቻ ያከራይ ስለ ነበረ በከተማው ዘንድ ሰዎች ፈገግ እያሉ የሚያነሡት ስም አወጣ። ገጻችን የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሆነ በዚህ ላይ አናበዛም።

በ1953 ግን ፈገግ የማያሰኝ ነገር ደረሰ። በካንሳስ ሲቲ የአንድ ባለጸጋ የስድስት ዓመት ልጅ ተሰርቆ ተገደለ። ገዳዮቹ ልጁ በሕይወት ያለ አስመስለው ከወላጆቹ 600 ሺህ ዶላር ተቀበሉ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ ነገር ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ከወንጀለኞቹ አንዱ ከመያዙ በፊት በኮራል ኮርት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ሁለቱም ተይዘው በሞት ተቀጡ፤ ከገንዘቡ ግን ግማሽ ያህሉ ጠፋ። ከሞቴሉ ግድግዳ ውስጥ ተሸሽጓል የሚል ወሬ ለአርባ ዓመት ሲነገር ኖረ። ግድግዳው ፈርሶ ካለቀ በኋላም ገንዘቡ አልተገኘም።

እንዲህ ያለው ስፍራ ፎቶግራፍ አይበዛለትም። ለመሸሸግ የመጣ ሰው በበሩ ላይ ቆሞ አይነሣም። ከልጆቹ ጋር በሐቅ ያደረ መንገደኛ ደግሞ ቢነሣ የሚያነሣው ልጆቹን እንጂ ቤቱን አይደለም።

ይህ ጠባይ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአያቱ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ከፈረሰ በኋላ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ የቤቱን ፎቶግራፍ መፈለጉን ያስታውሳል። የሠርግ ፎቶግራፍ ተገኘ፤ የክርስትና ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ለፋሲካ በግቢው ውስጥ ተሰልፈው የተነሡትም ሦስት ሆነው ተገኙ። በሁሉም ላይ ሰው ሞልቷል። ቤቱ ግን የሚታየው በአንዱ ብቻ፣ በሙሽራዪቱ ትከሻ በኩል ሲሆን እሱም አንድ የመስኮት መዝጊያና የበረንዳው ምሰሶ ግማሽ ነው። «እስቲ ሁላችሁም ወዲያ ገለል በሉና ቤቱ ይነሣ» ያለ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ አልነበረም። መዝጊያው አረንጓዴ ነበር፣ የለም ሰማያዊ ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም፤ ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ ሊፈርድ አልቻለም።

ወደ ኮራል ኮርት እንመለስ። ሞቴሉን ያዳከመው የመንገዱ መለወጥ ነው። በ1956 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን 41 ሺህ ማይል የሚሆን አዲስ የአውራ ጎዳና መረብ እንዲሠራ በሕግ ተወሰነ። አዲሶቹ ጎዳናዎች መግቢያና መውጫቸው የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ነጂው በየመንደሩ ሳይቆም ያልፋል። በአሮጌው መንገድ ዳር ያለው ባለ ሞቴል መኪናዎቹ በሩቅ ሲያልፉ ድምፃቸውን ይሰማ ይሆናል እንጂ እንግዳ አያይም። ከዚህም በላይ ከ1952 ጀምሮ በአንድ ስምና በአንድ አሠራር በየከተማው የተስፋፉት ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ማረፊያዎች ገበያውን ወሰዱት። በ1964 ገደማ በአሜሪካ 61 ሺህ ያህል ሞቴሎች እንደ ነበሩ ይገመታል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እያሽቆለቆለ ሄዶ በ2012 ወደ 16 ሺህ ወርዷል። መንገድ ቁጥር 66 ራሱ በ1985 ከመንግሥት የአውራ ጎዳናዎች መዝገብ ተሰረዘ።

ይሁን እንጂ የኮራል ኮርት ዋጋ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ሞቴሉ በ1989 በአሜሪካ የታሪካዊ ስፍራዎች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ተጻፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ከመፍረስ የዳነ ይመስለዋል። በአሜሪካ ሕግ ግን የግል ባለንብረት በራሱ ገንዘብ በራሱ መሬት ላይ ያለውን ቤት ለማፍረስ ቢፈልግ ይህ መዝገብ አያግደውም። መዝገቡ የቤቱን ክብር ይመሰክራል፤ በር ላይ ግን ዘበኛ ሆኖ አይቆምም። የኮራል ኮርት መሬት ከቤቶቹ ይልቅ ዋጋ ያወጣ ነበርና በ1993 ከተዘጋ በኋላ ለመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተላለፈ። ከመዘጋቱ እስከ መፍረሱ የነበረው ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ሼሊ ግራሃም የተባሉት ፎቶግራፍ አንሺ ከጠፊው ሞቴል ላይ ያተረፉት እነሆ ከዚህ ነው። ግራሃም የመንገድ ቁጥር 66ን አሮጌ ቤቶችና ምልክቶች በማንሣት የታወቁ ናቸው። ኮራል ኮርትን ከመፍረሱ በፊት አንሥተው፣ በዚያ ያደሩትንና የሠሩትን ሰዎች ቃል ከፎቶግራፎቹ ጋር ሰብስበው በ2000 በመጽሐፍ አሳተሙት። መጽሐፉ ሲወጣ ሞቴሉ ከፈረሰ አምስት ዓመት ሆኖታል። በእኛ አስተያየት የሥራው ብልኅነት ሁለቱን ነገሮች፣ ሥዕልንና ቃልን፣ ማጣመሩ ነው። የመስተዋት ጡብ በጧት ፀሐይ እንዴት እንደሚያበራ ፎቶግራፍ ያሳያል፤ በዚያ መስኮት ውስጥ ማን ይነቃ እንደ ነበረ ግን የነቃው ሰው ካልተናገረ አይታወቅም። ለብዙ ዓመት ሰው በሹክሹክታ ያነሣው የነበረው ስፍራ፣ ከፈረሰ በኋላ ሰዎች በግልጽ የሚያወሩት ሆነ።

የተተወ ቤት ማንሣት ቀላል ሥራ ከመሰለው ሰው ጋር አንስማማም። አስቀድሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀጥሎም አደጋ አለ። የረጠበ ወለል ሰው አይሸከምም፤ በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ቤቶች ውስጥም ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ የተባለው ነገር በጣራውና በቧንቧው ሽፋን ውስጥ ይገኛል። ብቻውን የሚገባ ፎቶግራፍ አንሺ ሞኝ ነው።

ከዚያ በኋላ የብርሃን ነገር ይመጣል። የሚያብረቀርቅ ጡብ በቀትር ፀሐይ ቢነሣ ቀለሙ ይጠፋና ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ይሆናል። ማዕዘኑ የተጠጋጋ ግድግዳም ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመታው ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ክብነቱ የሚታወቀው ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመጣና ጥላው ቀስ በቀስ ሲዞር ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቤት ጧት ወይም ሊመሽ ሲል ይሻላል። የአሜሪካንን የመንገድ ዳር ቤቶች ከ1969 ጀምሮ ወደ አርባ ለሚጠጋ ዓመት እየዞሩ ያነሡት ጆን ማርጎሊስም አብዝተው የሚሠሩት በማለዳ ነበር። መሣሪያቸው ተራ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲሆን፣ ፊልማቸውም ብርሃን በዝግታ የሚቀበል ነገር ግን ቀለምን አጥርቶ የሚይዝ ዐይነት ነበር። በሥዕሉ ላይ ሰውም የቆመ መኪናም እንዲገባ አይወዱም ነበር። እኚህ ሰው በ2016 ሲሞቱ ትተውት የሄዱት ከ11 ሺህ የሚበልጥ የቀለም ፎቶግራፍ ዛሬ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ ማንም ሰው ሊያየውና ሊጠቀምበት ይችላል። ካነሧቸው ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም።

ውጫዊውን ብቻ አንሥቶ መሄድ ግን ግማሽ ሥራ ነው። የቁልፍ መስቀያው፣ የክፍሉ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ፣ የመታጠቢያው ቤት ንጣፍ፣ የአልጋው ራስጌ ግድግዳውን እየፋቀ የተወው ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ በንድፍ ወረቀት ላይ አይገኙም። የሕንፃ ዐዋቂው ግድግዳው ስንት ክንድ እንደ ሆነ ይጽፋል እንጂ ሰው በየትኛው በኩል እንደሚተኛ አይጽፍም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደርሰናል። የፊተኛውን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ከዓመት በኋላ ሲመለስ ቆሞበት የነበረውን ስፍራ እንዴት ያገኘዋል? ቤቱ የለም፤ ዛፎቹ ተቆርጠው ይሆናል፤ መሬቱ ራሱ በማሽን ተደልድሎ ከፍታው ተለውጦ ይሆናል። ከ1977 እስከ 1979 ማርክ ክሌትና ባልንጀሮቻቸው በምዕራብ አሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት የተነሡ የተራሮችና የሸለቆዎች ፎቶግራፎችን እንደ ገና ከዚያው ነጥብ ላይ ለማንሣት ሲነሡ፣ የቆሙበትን ስፍራ የሚያገኙት በፊት ያለውን ዐለትና በኋላ ያለውን ተራራ እያስተያዩ ነበር፤ ጥላውም እንዲገጥም በዓመቱ በዚያው ወራት፣ በቀኑም በዚያው ሰዓት ይጠብቁ ነበር። ተራራ ግን አይፈርስም። ለሚፈርስ ቤት ያለው ዘዴ፣ ሲያነሡ ሳለ የማይፈርስ ነገር በሥዕሉ ጠርዝ ላይ እንዲገባ ማድረግ ነው፦ የመንገዱን ጠርዝ፣ የመብራት ምሰሶን፣ የጎረቤትን ጣራ። በተጨማሪም የመሣሪያውን ከፍታ፣ የሌንሱን ቁጥር፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን በማስታወሻ መጻፍ ይገባል። ይህን ያልጻፈ ሰው ሁለተኛውን ሲያነሣ በግምት ይሠራል፤ በግምት የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ደግሞ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አይነጋገሩም።

ይህን ሥራ መንግሥት ራሱ ያዘዘበት ጊዜም አለ። በናፖሊዮን 3ኛ ዘመን የፓሪስ ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ሰፋፊ ጎዳናዎች እንዲከፈቱ ሲደረግ፣ የከተማው አስተዳደር ሻርል ማርቪል የተባሉትን ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈርሱትን መንገዶች አስቀድመው እንዲያነሡ አዘዛቸው። ማርቪልም ከአራት መቶ የሚበልጡ ጠባብ መንገዶችን በከባድ መሣሪያና በመስተዋት ላይ አነሡ። በ1878 በፓሪስ ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም በአሮጌዎቹ ፈንታ የተከፈቱትን አዳዲስ ጎዳናዎች አነሡ። አስተዳደሩ ይህን ያዘዘው አሮጌውን ስለ ወደደ አይደለም፤ አዲሱ እንዲያምርለት ነበር። ዛሬ ግን ሰው ደጋግሞ የሚመለከተው የጠፉትን መንገዶች ነው። ለማፍረስ የሚፈርም ባለሥልጣን በዚያው ቀን ፎቶግራፍ እንዲነሣም ሊፈርም ይችላል፤ ወጪው ከማፍረሻው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በአሜሪካም በ1933 ቻርልስ ፒተርሰን የተባሉ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ባቀረቡት አሳብ መሠረት ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚለካ፣ የሚነድፍና ፎቶግራፍ የሚያነሣ የመንግሥት ሥራ ተጀመረ። ጊዜው ሥራ የጠፋበት ስለ ነበር በመጀመሪያ የታቀደው ሥራ ላጡ አንድ ሺህ ያህል የሕንፃ ዐዋቂዎች ነበር። ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለዚሁ የሚቀርበው ፎቶግራፍ በትልቅ የጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እንዲሆን ሲፈለግ ቆይቷል፤ በደንብ የታጠበና በጥሩ ስፍራ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ፊልም ከአንድ ትውልድ ዕድሜ በላይ ይቆያልና። በእጅ ስልክ የሚነሣውስ? ጥሩ ነው፤ ካለመነሣት እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ስልኩ የጠፋበት ሰው ቤቱንም ሁለተኛ ጊዜ እንዳያጣ ሥዕሉን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ያስቀምጥ፤ ከጀርባውም የቦታውን ስምና ቀኑን ይጻፍ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሃያ ዓመት በኋላ የማንም ቤት ነው።

በ1995 ማሽኖቹ ወደ ኮራል ኮርት ግቢ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሌላ ነገር ተደርጎ ነበር። በዚያው አካባቢ ያለው የመጓጓዣ ሙዚየም በጎ ፈቃደኞች ከቤቶቹ አንዱን በእጃቸው ጡብ በጡብ ፈትተው ወሰዱት። የሚያብረቀርቅ ጡብ ከሲሚንቶው ሳይሰበር እንዲለቅ ማድረግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ የቤቱ ፊት በሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ፣ በአሮጌ መኪናዎች መካከል፣ እንደ ገና ቆመ፤ ከ2000 ጀምሮም ለሕዝብ ይታያል። የማር ቀለሙ እንዳለ ነው፤ የመስተዋት ጡቡም እንዳለ ነው። ይሁንና ያ ቤት የተሠራው ለጧት ፀሐይ ነበር፤ አሁን የሚያበራለት የአዳራሽ መብራት ነው። በውጭ ብርሃን ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ጎብኚ እንደ ገና ወደ ፎቶግራፎቹ መሄድ አለበት።

የቀሩት ቤቶች ሁሉ ፈረሱ፤ በስፍራቸውም የመኖሪያ ሰፈር ተሠራ። ከዋትሰን ሮድ ወደ ሞቴሉ የሚያስገባው የድንጋይ መግቢያ ግን ሳይፈርስ ቀረ። ቀድሞ መንገደኛው በመሸ ጊዜ የመኪናውን መብራት ዝቅ አድርጎ ያልፍበት የነበረው መግቢያ የሰፈሩ ነዋሪዎች ከገበያ ሲመለሱ የሚገቡበት ሆነ። ቤቶቹ ገና ቆመው ሳሉ ያ መግቢያ ብቻውን የሚተርፍ መሆኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በፊተኞቹ ሥዕሎች ጠርዝ ላይ በአጋጣሚ የገባው ያ ድንጋይ ዛሬ ከሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛውን ሥዕል ለማንሣት የሚሄድ ሰው መሣሪያውን ከመግቢያው ፊት ለፊት ይተክላል። የፊተኛውን ፎቶግራፍ በእጁ ይዞ ድንጋዩን ከድንጋዩ ጋር ያስተያያል፤ እስኪገጥምም ድረስ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።